ከሁለት ፕሮፌሰሮችና ከአንድ እንግዳ ጋር ወደ መተማ

ጎንደር ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ "ወደ ተገኘ ውሰደው" ይባል ነበር። ያ ተገኘ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ እንግሊዝኛንና ዐረብኛን ያስተማረኝ ደግሞ የጠገንሁት ሬዲዮ ነው። አንዱን ጠግኜ ስጨርስ በደንብ መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳምጥ ነበር። ስንቱ ባለ ዲግሪ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ እኔ ትርጉሙን ቀድሜ ነግሬዋለሁ። ይህን ማንሳቴ ቆላውን ለማታውቁትና ወደፊትም ለማትሄዱበት አንባቢዎች መንገዱን የሚነግራችሁ ተራ ሰው እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። መተማን በተለይ ማንም አይነግረኝም። በጉልምስናዬ እዚያ ሱቅ ከፍቼ የሱዳን ነጋዴዎችን ሬዲዮ ስጠግን ኖሬያለሁ።

የዚህ ጉዞ ምክንያት የእህቴ ልጅ ይርጋ ነው። ይርጋ ፕሮፌሰር ነው፤ የሚመራመረውም በሰሊጥ ላይ ነው። አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ እዚያው የቀረ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ቆለኞች ሳሉግ ይሉታል። ሰውዬው ሲሞት ልጁን ጎንደር አምጥቼ እኔ ቤት አሳደግሁት። የሥራ ባልደረባው ዮናታንም ፕሮፌሰር ነው። የዮናታን አባት በኤምባሲ ይሠሩ ስለነበር ልጅነቱን ያሳለፈው ከአገር አገር ሲዘዋወር ነው። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ከወዲሁ እናገራለሁ።

ፕሮፌሰር ሱሬሽ የሚባሉ የህንድ አገር የሰሊጥ ሊቅ ከእነ ይርጋ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጋራ ምርምር ሊያካሂዱ ተስማምተው ነበር። ከእኛ ወገን አንድ ሰው አብሯቸው ምርምሩን ይመራል፤ ህንድ ሄዶም በቤተ ሙከራቸው ሁለት ዓመት ይሠራል። ሱሬሽን የሚያውቃቸው ዮናታን ነው፤ ውጭ አገር ስብሰባ ላይ አብረው እራት በልተዋል። ሰሊጡን የሚያውቀው ግን ይርጋ ነው። ይርጋ ለውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደጋግሞ ጽፎ መልስ ያጣ ሰው ነው። "ጋሼ፣ የጻፍሁትን የሚያነብ አለ፤ እኔን የሚያውቀኝ ግን የለም" ይለኝ ነበር። አሁን ሊቁ ራሳቸው መሬቱንም ሰዎቹንም አይተው ሊመርጡ መጡ። የሚሄዱበት ቆላ ደግሞ የይርጋ የትውልድ አገር ነው። "እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይመጣል?" ብዬ ጋቢዬን አንሥቼ አብሬ ወረድሁ።

ረቡዕ

ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሰሊጡ የሚታጨድበት ወቅት ነው። በዩኒቨርሲቲው መኪና ከጎንደር በማለዳ ተነሣን። ይርጋ የፊተኛውን በር ከፍቶ እኔን አስገባኝ። እንግዳውንና ዮናታንን መካከለኛው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። እሱ ከሻንጣዎቹ ጋር ከኋላ ተቆጥሮ፣ ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጋጥሞ ሄደ። ያን ጊዜ በልቤ "ያሳደግሁት ልጅ!" ብዬ ኮራሁ።

አይከል ላይ ምሳ በላን። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ቀረበ። ፕሮፌሰር ሱሬሽ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። "አያችሁ፣ የተማረ ሰው ማለት ይህ ነው፤ ጾማችንን አክብሮ አብሮን ይጾማል" አልኋቸው። ሁላችንም በዚህ ተደሰትን። የዚህን ጣጣ ወደፊት እነግራችኋለሁ።

ከአይከል ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ጎንደር ላይ ኮት ያስለበሰን ብርድ ነጋዴ ባሕር ከተማ ሳንደርስ ተረሳ፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሹፌሩ ራሱን ያዘ። ዕድለኞች ሆነን አጫጆች የጫነ አይሱዙ መጥቶ ቆመልን፤ ወጣቶቹ ዘለው ወርደው ጎማ መንፊያም ጉልበትም ሰጡን። ይርጋ ሸሚዙን አውልቆ ከመኪናው ሥር ገባ።

"አንተ ነህ ፕሮፌሰሩ?" አለው አንዱ በጎጃም አነጋገር። "እኛ ፕሮፌሰር ጎማ ሲፈታ ስናይ ዛሬ ገና ነው!"

"አባቴ እንዳንተ በአይሱዙ ነው የመጣ" አለው ይርጋ ከሥር ሆኖ። "መፍቻውን አቀብለኝና ከዚያ ትስቃለህ።"

ሱሬሽና ዮናታን በዚህ መካከል አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ይርጋ እጁ በግራሶ ተለውሶ ወደ እነሱ ሲመጣ እንግዳው እጃቸውን ዘረጉለት፤ እሱ ክንዱን ሰጣቸውና ሁሉም ሳቁ። የጥናቱ ጉዳይ ግማሹ እዚያ ጥላ ሥር እንዳለቀ የገባኝ በኋላ ነው።

ማታ ገንዳ ውሃ የምትባል ከተማ አደርን። ቬንቲሌተር ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ስለነበሩ ለእንግዳው፣ ለዮናታንና ለእኔ ደረሱን። ይርጋ ግቢው ውስጥ አጎበር በተዘረጋበት አልጋ ላይ ተኛ። ጎንደር እንዲህ ደጅ የሚያድር ሰው ጧት ደርቆ ይገኛል፤ ቆላ ላይ ግን በሙቀቱ ምክንያት ደጅ ማደር ምቾት ነው። የማደሪያው ባለቤት ሴትዮ ሳንጠይቃት እግሬን የምታጠብበት ውሃ አመጣችልኝ። "አባቴ፣ ደጋ የለመደ እግር እዚህ ያብጣል" አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ደግነት ጎንደርም አለ፤ ግን ሲጠየቅ ነው።

ሐሙስ

እህቴ እንጉዳይ የምትኖረው ከኮኪት አለፍ ብሎ ነው። ገና ከመኪና ስንወርድ በእልልታ ተቀበለችን።

"አያ ተገኘ! ጎንደር ብርዱ ጠፍቶብህ ነው እዚህ እሳት ውስጥ የገባኸው?"

"ልጅሽን ልድርልሽ መጥቼ ነው" አልኋት።

"ለማን?"

"ለህንድ ዩኒቨርሲቲ።"

እስክትወድቅ ሳቀች። ይርጋ እንደሚመረጥ ተስፋ ስለነበረን ሁሉም ነገር ያስቀን ነበር። ፍየል ታርዷል፤ የጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠርተው ዳሱ ሥር ተቀምጠዋል።

ምግቡ እስኪቀርብ ይርጋ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከሱሬሽ አጠገብ ተቀመጠ። የሰሊጥ ፍሬ ሲደርስ ቆቡ ተከፍቶ ይራገፋል፤ የገበሬው ኪሳራ ከዚያ ነው። ይርጋ ቆባቸውን ቶሎ የማይከፍቱ ዘሮችን ለዓመታት ለቅሞ ፎቶ አንሥቷቸዋል። ሱሬሽ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። "ይሄ የት የበቀለ ነው? ይሄኛውስ?" ይሉታል። ይርጋ በአንድ ጊዜ ብዙ መናገር ጀመረ፤ ዓይኑ በራ። ከመጣን እንዲያ ሲናገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የእጅ መታጠቢያው ውሃ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። በእኛ አገር የቤቱ ልጅ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ሚኒስትር፣ የሽማግሌ እጅ ሳይታጠብ አይቀመጥም። እኔ ቤት ያደገውም በዚሁ ደንብ ነው። እንግዳ ሲመጣ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዞ ይቆማል፤ "ተቀመጥ" ካላልሁት አይቀመጥም፤ ጎረቤቶቼ ይቀኑብኝ ነበር። ያን ቀን በዓይኔ ጠቀስሁት።

አየኝ። ኮምፒውተሩን ከደነው። ተነሥቶ ውሃውን ተቀበለና ከታላቁ ሽማግሌ ጀምሮ ማስታጠብ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ሱሬሽ መነጽራቸውን እንዳደረጉ የተከደነውን ኮምፒውተር ትንሽ አዩት። ዮናታን "እኔ ላስረዳዎት" ብሎ ቀረብ አለ፤ "ይርጋ እንደሚለው" እያለ የቀረውን ነገራቸው።

ከዚያ ያልኋችሁ ጣጣ መጣ። ይርጋ ጥሩውን ሥጋ መርጦ ለእንግዳው ሊያጎርስ ሲል ሱሬሽ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሥጋ አይበሉም።

"ትናንት ጾሙ፤ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው! ንገራቸው እንጂ!" አለች እንጉዳይ።

ነገርኋቸው። "ለእኔ ሁልጊዜ ጾም ነው" አሉኝ።

"ዕድሜ ልካቸውን? እንግዲያማ ከመነኩሴም ይበልጣሉ!" አለች፤ ሽማግሌዎቹም በሳቅ ፈነዱ። እሷ ግን ፊቷ ወዲያው ጠቆረ፤ እንግዳ ቤቷ መጥቶ ጦሙን ሊውል ነው። ይርጋ የእናቱን ፊት ሲያይ ምስርና ሽሮ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ወጣ። ተመልሶ ለእናቱ እንጨት እየሰነጠቀ፣ ውሃ እያቀበለ ቆየ። ምግቡ ደርሶ እንግዳው ሲጠሩ ከዮናታን ጋር ከቤቱ ጀርባ ሰሊጥ መካከል ቆመው ነበር። ዮናታን ለምርምሩ የታሰበውን የመሞከሪያ ማሳ በእንጨት መሬት ላይ እየሳለ ያሳያቸው ነበር። ይርጋ "ምሳ ደርሷል" ብሎ ጠራቸው።

ዓርብ

ጧት ማሳ ለማሳ ዞርን። ታጭዶ የታሰረው ሰሊጥ እየተደገፈ ቆሟል፤ እንደ ደጋ የእህል ክምር ወፍራም አይደለም፤ ራሱን ወደ ሰማይ አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል። ሱሬሽ ሲጠይቁ መጀመሪያ ወደ ይርጋ ያያሉ፤ ይርጋ በአጭሩ ይመልስና ውሃ የጠማው እንዳለ፣ እኔ ጥላ ማግኘቴን፣ መኪናው መድረሱን ሊያይ ይሄዳል። ዮናታን ሁለት ጊዜ "ኧረ ና፣ ተቀመጥ" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "መጣሁ" ይላል፤ አይመጣም። ከቀትር በኋላ ሱሬሽ ወደ ይርጋ ማየት ተዉ።

አመሻሹ ላይ መተማ ዮሐንስ ደረስን። እዚያ የጥንት ወዳጄ ሐጂ ኑሩ ሱቅ አለው። በዐረብኛ ሰላም ብንባባል ማባሪያ አጣን። ድልድዩ ማዶ ሱዳን ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ የሚሻገረው ዕቃ ቀንሶ የሚሻገረው ሰው በዝቷል። "ድሮ አንተ የጠገንኸው ሬዲዮ ዘፈን ያወራ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ስለ ሞት ነው የሚያወራው" አለኝ። ሐጂ ቤቱ አስገብቶ ፉል በሰሊጥ ዘይት አቀረበልን። ለእኛ የጾም ምግብ ሆነ፤ ለእንግዳውም ተስማማ፤ አልሐምዱ ሊላህ! ከርከዴ የሚሉትን ቀዝቃዛ ቀይ የአበባ መጠጥም ጠጣን። በእኛ አገር ጠላ የሚይዘውን ቦታ እዚህ ከርከዴ ይዞታል።

ይርጋ ከሐጂ ልጆች ጋር ሆኖ ሲያስተናግድ፣ ዮናታንም ስልክ ሊያወራ ሲወጣ፣ ፕሮፌሰር ሱሬሽ ወደ እኔ ዞሩ።

"አቶ ተገኘ፣ የእህትዎ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉኝ። "የጻፈውን አንብቤያለሁ። እዚህ ከመጣሁ ግን ተቀምጠን አላወራንም። ሥራውን ይወደዋል?"

ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ሰው አይጠየቅም። ልጅ ሳለ በሱቄ መብራት ሲያነብ ያነጋ እንደነበር፣ ባለፈው ዓመት በወባ ተይዞ ከአልጋው ሆኖ ስለ ዘሮቹ ይጠይቅ እንደነበር መናገር ነበረብኝ። "ነገ ጧት አንድ ሰዓት ብቻ አብረውት ይቀመጡ" ብል ይበቃ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

እኔ ግን ትራሱን ደገፍ ብዬ በዚያ የሬዲዮ እንግሊዝኛዬ፣ "በዚህ አገር እንደ ይርጋ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው የለም" አልሁ። "ሰው ያግባባል። የጠፋ ነገር ከየትም ያመጣል። ለራሱ ሳይል ለሌላው ይቆማል። ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።"

ስለ ሰሊጡ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ሰሊጡን ያስተማረው ሌላ ሰው ነው፤ ሥነ ሥርዓቱን ያስተማርሁት ግን እኔ ስለሆንሁ እሱን አመሰገንሁ።

"ለእንዲህ ያለ ሥራ ይህ ትልቅ ሀብት ነው" አሉ ሱሬሽ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። እኔም እንግሊዝኛዬን ያደነቁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ወደ ጎንደር ስንመለስ ገንዳ ውሃ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ሱሬሽ ሁላችንንም ሰበሰቡ። ይርጋ ሻንጣቸውን እንደያዘ ቆሟል።

"ጥናቱን ከእኔ ጋር ዮናታን ይመራል" አሉ። "አንተን ደግሞ፣ ይርጋ፣ እንለምንሃለን። የመስክ አስተባባሪያችን ሁን። አጎትህ እንደነገሩኝ ሰው የሚያግባባ፣ የጠፋውን የሚያገኝ እንዳንተ ያለ የለም። ያለ አንተ እዚህ ምንም አይሠራም።"

ይርጋ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም። ልጅ ሆኖ ሰው ፊት ጥያቄ ሲጠየቅ፣ "ምን ልበል?" ብሎ የሚያየኝ ያው አስተያየት ነው።

"ፕሮፌሰር፣ ይቆዩ" ብዬ ተነሣሁ። በእኛ ዘንድ የሚቆም ሰው ንቆ ወይም ሰልችቶት ሳይሆን አክብሮ እንደሚቆም፣ ዘሩን ሁሉ የለቀመው ይርጋ እንደሆነ ነገርኋቸው። የምችለውን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጣሁ፤ ያን ቀን ግን አልታዘዘልኝም። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"በእኛም ቤት እንዲሁ ነው" አሉ። "እናቴ ቤት ስሄድ እኔም ውሃ እቀዳለሁ። ሥራ ሲወራ ግን እቀመጣለሁ። ትናንት ማታ ለዩኒቨርሲቲዬ አሳውቄአለሁ፤ ይቅርታ።"

ዮናታን ጆሮው ቀልቶ ነበር። "ይርጋ፣ እኔ እኮ የማትፈልገው መስሎኝ ነው። ስንት ጊዜ ና ተቀመጥ አልሁህ?"

"ብለኸኛል" አለ ይርጋ። ከዚያ ወደ ሱሬሽ ዞሮ፣ "እሺ፣ ደስ ይለኛል" አላቸው። እንግዳ በአገርህ ሆኖ ሲለምንህ እምቢ አይባልም። ይህንንም ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ እስከ ጎንደር ስላለው መንገድ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ቁልቁለቱ ዳገት ሆነ፤ ሙቀቱ እያደር በረደ፤ ኮታችንን መልሰን ለበስን። አይከል ላይ ሌሎቹ ሲወርዱ ከይርጋ ጋር መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

"ለምን አልተቀመጥህም? ሰውዬው እኮ ይጠብቅህ ነበር" አልሁት።

"ጋሼ፣ እቤታችን እኮ ነው የነበርን" አለኝ። "እኔ ከተቀመጥሁ እናቴ ልትቆም ነው። ዮናታን የትም ቢሄድ የሚቆምለት ሰው አለ፤ ስለዚህ ይቀመጣል። ጥፋቱ የሱ አይደለም።"

"የማንስ ነው?" ልለው ነበር። መልሱን ፈራሁ። ሐሙስ ዕለት በዓይኔ ስለ መጥቀሴ አንዳች አላነሣም። ቢያነሣው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ብዙ ሰው "ልጁ የተማረ ነው፤ ከዚያ በኋላ የማን ልጅ መሆኑ ምን ያደርጋል?" ሲል ሰምቻለሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዲግሪ አላቸው፤ አንድ ዓይነት ደመወዝ ይበላሉ። ከባሕር ማዶ ሊቅ ጋር አብሮ ለመሥራት ግን መጀመሪያ ከሊቁ አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል። ዮናታን መቀመጥን ከአባቱ እራት ገበታ ተምሯል። ይርጋ ከእኔ የተማረው መቆምን ነው። በደንብ አስተምሬዋለሁ፤ ጉድለት አልነበረውም።

ዮናታን በጥር ወደ ህንድ ሄደ። ይርጋ ክረምት ሲገባ ቆላ ወርዶ የመሞከሪያውን ሰሊጥ ዘራ። አንድ ሐምሌ ቀን ደወለልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ ሰሊጡ በቅሏል!" አለኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት ከህንድ አራት ሰዎች ከዮናታን ጋር ይመጣሉ። ሁሉም ሥጋ አይበሉም። ምን ይሻላል? የት ላሳድራቸው?"

እኔም ነገርሁት። ምስሩን ከጎንደር ይዞ እንዲወርድ፣ ሽሮው ቅቤ እንዳይነካው ለእናቱ እንዲነግራት፣ ገንዳ ውሃ ላይ የትኛው ማደሪያ ንጹሕ እንደሆነ፣ ፍራሽ ከማን እንደሚዋስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳሁት። እንደዚህ ያለ ነገር ላይ እኔን የሚያህል የለም። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዕዳዬን አቀለሉልኝ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

"ሰዎቹ ሲመጡ ግን አንተ ተቀመጥ" ልለው ለወራት አስቤ ነበር። ሳልለው ስልኩ ተዘጋ፤ መልሼም አልደወልሁለትም።